ምግቡ ይወርዳል?

«ፎቶውን አይቻለሁ፤ ያምራል» አሉ ሐኪሙ። «ሕዋሱ ቀለም ተነክሮ፣ በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ይታያል። እኔ የምጠይቃችሁ ግን አንድ ነገር ነው፤ ምግቡ ይወርዳል?»

የእህታቸው ልጅ ጥያቄውን ጠብቃው ነበር። ሐኪሙ የደረት ቀዶ ጥገና ባለሙያ ናቸው፤ ከሥራ ዘመናቸው የሚበዛውን ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ በሽተኞችን ሲያክሙ አሳልፈዋል። እሷ ውጭ አገር የሕብረ ሕዋስ ምህንድስና ተምራ፣ የተጎዳ የምግብ ቧንቧ መልሶ እንዲበቅል የሚረዳ ስካፎልድ በሚሞክር ቡድን ውስጥ ትሠራለች። ለእረፍት አዲስ አበባ በመጣችበት ሰሞን ሁለቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ዋሉ። እሳቸው ነገሩን የሚይዙት ከበሽተኛው ገበታ ነው፤ እሷ ከሕዋሱ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ጋሼ» አለች። «ዛሬ አንድ ሰው ከአርሲ ቢመጣ ምን ያደርጉለታል?»

«ሲመጣ እኮ ዘግይቷል። መጀመሪያ ሥጋው አልወርድ ይለዋል፤ እንጀራውን በውሃ እያወራረደ ይከርማል። ቀጥሎ እንጀራው ይቀርና በሾርባ ይቆያል። ወተቱም ማነቅ ሲጀምር፣ ሰውነቱ አልቆ ልብሱ ሰፍቶት ነው ወደ እኛ የሚያመጡት። ካንሰሩ በዚያን ጊዜ ከቧንቧው ግድግዳ አልፎ ሄዷል። ቀዶ ጥገና ስለማይጠቅመው በኢንዶስኮፒ ስቴንት እናስገባለታለን፤ ከብረት መረብ የተሠራ፣ ጠቦ ገብቶ ውስጥ የሚሰፋ ነው። በሽታውን አያድንም። ግን ሰውዬው ከቤተሰቡ ጋር ገበታ ቀርቦ ይበላል፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።»

ሐኪሙ የተናገሩት የአንድ ሆስፒታል ታሪክ አይደለም። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በሚዘልቅ መስመር በብዛት ይታያል፤ በአገራችን የአርሲና የባሌ ስም ቀድሞ ይነሣል። ምክንያቱ እስከ ዛሬ በአንድ ነገር አልተቋጨም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው አጥብቀው ከሚጠረጠሩት ነገሮች ተርታ መድቦታል። በትኩሱ የሚበላ ገንፎም ተመራማሪዎች ከሚመረምሯቸው ውስጥ አንዱ ነው።

«ቀድሞ የመጣ ሰው ቢገኝስ?»

«ቀድሞ ከመጣማ እናወጣዋለን። የታመመውን ቧንቧ ቆርጠን፣ ጨጓራውን አጥብበን ሰፍተን ወደ ደረት፣ አንዳንዴም እስከ አንገት እንስበዋለን። ጨጓራው ካልሆነ ከትልቁ አንጀት ቁራጭ እንወስዳለን። ከባድ ሥራ ነው። የዳነውም ሰው ቢሆን ጨጓራው ደረቱ ውስጥ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ጠግቦ መብላት አይችልም፤ ጋደም ሲል የበላው ወደ ላይ ይመለስበታል።»

ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ፍራንስ ቶሬክን አነሡ። ቶሬክ እ.ኤ.አ. በ1913 ኒው ዮርክ ውስጥ የአንዲት የ67 ዓመት ሴት የደረት ምግብ ቧንቧ ከነካንሰሩ አወጣ። በቦታው የሚተካው ነገር አልነበረውም። አንገቷ ላይ የቀረውን ጫፍ ሆዷ ላይ ከተከፈተው የጨጓራ ቀዳዳ ጋር፣ ከሰውነቷ ውጭ በሚያልፍ የጎማ ቱቦ አገናኘው። ሴትዮዋ በዚያ ጎማ እየበላች ከ10 ዓመት በላይ ኖረች።

«ስለዚህ» አሉ ሐኪሙ፣ «ምግብን ማውረድ ጎማም ያወርዳል። የእናንተ ነገር ከጎማው በምን እንደሚበልጥ ማሳየት አለባችሁ።»

«በመግፋት ነዋ! ጎማው አይገፋም።»

የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ ማሳለፊያ ብቻ ይመስላል። ግድግዳው ግን ሥራ የበዛበት ነው። ውስጠኛው ሽፋን እየተላጠ እየተተካ የሚኖር የሕዋስ ንጣፍ ነው፤ ሻካራውንም ትኩሱንም የሚችለው እሱ ነው። ከሥሩ የደም ሥርና ዕጢ የያዘ ንብርብር አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ሁለት የጡንቻ ሽፋን፣ አንዱ ዙሪያውን የሚጠመጠም፣ ሌላው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ። በመካከላቸው ነርቮች ተዘርግተዋል። ጉርሻው ሲወርድ ጡንቻው ከኋላው ይጨመቃል፣ ከፊቱ ይላላል። ሰው ተዘቅዝቆም ቢውጥ ምግቡ ወደ ጨጓራው የሚሄደው በዚህ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሲቆረጥ ነው። ሌላው የአንጀት ክፍል በውጭ በኩል ስስ ልባስ አለው፤ የምግብ ቧንቧ ግን በአብዛኛው ይህ የለውም፣ ስለዚህ የስፌት ክር በደንብ አይዝለትም። ከስፌቱ ካፈሰሰ ምራቅና ምግብ የሚገባው ልብና ሳንባ አጠገብ ነው፤ የዚያ ኢንፌክሽን በቀናት ውስጥ ሰው ይገድላል። ደም የሚደርሰውም በአንድ ዋና ሥር አይደለም፤ ከየአቅጣጫው በሚመጡ ቀጫጭን ሥሮች ነው። እንደ ኩላሊት ከሌላ ሰው ወስዶ መተካት ያልተለመደው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

«እኛ የምናደርገው ይህ ነው» አለች የእህታቸው ልጅ። «ሕንፃ ሲሠራ ዙሪያውን የሚቆመውን የባሕር ዛፍ ርብራብ ያስቡት። ግንበኛው የበሽተኛው ሰውነት ነው፤ ግንቡ ሲያልቅ ርብራቡ ይነሣል።»

ርብራቡ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ከእንስሳ ወይም ከሰው የተወሰደ ሕብረ ሕዋስን በሳሙና መሰል ኬሚካልና በኢንዛይም አጥቦ ሕዋሱን በሙሉ ማስወጣት ነው። የሚቀረው ኮላጅንና ሌሎች ፕሮቲኖች የፈተሉት መረብ ነው፤ ባዕድ ሕዋስ ስለሌለበት ሰውነት እንደ ሌላ ሰው አካል አይዋጋውም። ሁለተኛው ፖሊመር አሟሙቶ፣ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል እየሳቡ በዓይን የማይታይ ክር ማውጣትና በሚሽከረከር ዘንግ ላይ መጠቅለል ነው። ዘንጉ ሲወጣ ቱቦው ይቀራል። በመጀመሪያው መንገድ ስሙ የሚጠራው አሜሪካዊው ስቲቨን ባዲላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከአሳማ ትንሹ አንጀት የተወሰደ ስስ ንብርብር በውሻ የደም ሥር ምትክ ሲሞክር፣ የተተከለው ነገር ጠፍቶ በቦታው የውሻው የራሱ ሕብረ ሕዋስ በቅሎ አገኘው።

«የምግብ ቧንቧ ላይስ?» አሉ ሐኪሙ።

«ውሻው ላይ ከቧንቧው ዙሪያ ግማሽ ያህሉን ብቻ ቆርጦ ሲጠግነው ተሳካ። ዙሪያውን ሙሉ ቆርጦ ቱቦውን ሲተክል ግን ጠበበ።»

«ጠባሳ!»

«አዎ፣ ጠባሳው እየተሰበሰበ ዘጋው። በኋላ ግን አንድ ነገር ታየ። ከጡንቻው ጥቂቱ እንኳ ቦታው ላይ ከቀረና መረቡ እሱን ከነካ ውጤቱ ይለወጣል። መረቡ ለብቻው ሲሆን ይጠባል፤ ጡንቻው ለብቻው ሲሆንም ይጠባል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ንብርብሩ በየረድፉ ይመለሳል።»

የዚህን አሠራር ተመራማሪዎች እንዲህ ያስረዱታል። መረቡ ቀስ በቀስ ሲፈርስ ከውስጡ የሚወጡት የፕሮቲን ቁርጥራጮች ስቴም ሴሎችን ወደ ቁስሉ ይጠራሉ፤ ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳትም ከማጥቃት ወደ መጠገን ይዞራሉ። ስለዚህ መበስበሱ ራሱ ሥራ ነው። የማይፈርስ ነገር ይህን ጥሪ አያሰማም። ሰውነት ባዕድ ነገር ብሎ በጠባሳ ይከብበዋል።

ባዲላክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 በፒትስበርግ አምስት ወንዶች ላይ የሠሩትን አሳተሙ። አምስቱም ካንሰራቸው ገና በውስጠኛው ሽፋን የተወሰነ ነበር። ሐኪሞቹ ደረት ሳይከፍቱ በኢንዶስኮፒ ሽፋኑን ዙሪያውን ሙሉ ላጡት፤ ጡንቻውን አልነኩም። በተላጠው ቦታ መረቡን ዘርግተው ለጊዜው በስቴንት ደገፉት። ሽፋኑ መልሶ በቀለ። አምስቱም የራሳቸውን ቧንቧ ይዘው ቀሩ።

ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ይገባኛል። ጡንቻውን ትታችሁለታል፣ የሚገፋው ጡንቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሁሉም ሲጠፋ ነው።»

«ለዚህ የዊስኮንሲኑን ልንገርዎ» አለች፤ በነገሩ ላይ ያላት ስሜት በድምጿ ይሰማ ነበር። አንድ የ24 ዓመት ወጣት በመኪና አደጋ ከተጎዳ በኋላ በኢንፌክሽን ምክንያት አንገቱ ውስጥ የምግብ ቧንቧው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈረሰ። ጨጓራውን ለመሳብ የሚበቃ አቅም ስላልነበረው፣ በሚልዋኪ የዊስኮንሲን ሜዲካል ኮሌጅ ሐኪም ኩልዊንደር ዱዋና ቡድኑ እጃቸው ላይ ያለውን ተጠቀሙ፤ ገበያ ላይ የሚገኙ የብረት ስቴንቶች፣ ሕዋሱ የወጣለት የሰው ቆዳ መረብ፣ ከወጣቱ ከራሱ ደም የተሠራ ፕሌትሌት የበዛበት ጄል። ስቴንቶቹ በ12 ሳምንት እንዲወጡ ታስቦ ነበር፤ ወጣቱ ግን ይጠብብኛል ብሎ ስለፈራ የወጡት ከ3 ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ከወጡ ከ4 ዓመት በኋላ ሲመረመር ያሻውን ይበላ ነበር። በአልትራሳውንድ የግድግዳው አምስት ንብርብሮች ታዩ፤ ግፊቱን በሚለካ መሣሪያም ቧንቧው የዋጠውን ወደ ታች ሲገፋ ተመዘገበ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2016 በላንሴት ታተመ።

«ስለዚህ ወርዷል» አሉ ሐኪሙ በቀስታ።

«ወርዷል፤ ተገፍቶ ነው የወረደው። ግን ያዩት አንድ ሰው ነው፣ ጋሼ። ከሱ ቆዳው ይሁን፣ ጄሉ ይሁን፣ ስቴንቱ ያቆየለት ጊዜ ይሁን የጠቀመው ለይቶ ማወቅ አይቻልም። እኔ ወደ ጊዜው አደላለሁ። ጠባሳ የመሰብሰብ ኃይሉ እስኪያልፍ ድረስ ቧንቧው ተከፍቶ ከቆየ ሰውነት የቀረውን ይሠራል።»

ይህ ግምቷ ነው። ነገር ግን ከውሾቹ እስከ ወጣቱ ያለውን ሁሉ ጎን ለጎን ለሚያስቀምጥ ሰው ክርክሩ ክብደት አለው። ስካፎልዱ የሚያስፈልገው ቧንቧ ሆኖ ለመኖር አይደለም፤ ሰውነት ከጠባሳው ቀድሞ እንዲደርስ ለማድረግ ነው።

በቶኪዮ ሴቶች ሜዲካል ዩኒቨርሲቲ የቴሩኦ ኦካኖ ቡድን ያለ ስካፎልድ ተመሳሳይ እሽቅድምድም ገጥሟል። ከበሽተኛው ጉንጭ ውስጥ ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና ሕዋሱ በ37 ዲግሪ በልዩ ሳህን ላይ ይባዛል። ሳህኑ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ በላዩ የተቀባው ፖሊመር ጠባዩ ይለወጣል፤ ሕዋሱም ሳይበጣጠስ እንደ አንድ ንጣፍ ይላቀቃል። ይህ ንጣፍ በኢንዶስኮፒ ካንሰሩ የተላጠበት ቦታ ላይ ይለጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ሥራ ዘጠኝ በሽተኞች ታክመዋል፤ ዙሪያው ሙሉ ከተላጠበት አንድ ሰው በቀር የሌሎቹ ቧንቧ አልጠበበም። ጃፓን ውስጥ የሚበዛው የካንሰር ዓይነት ከአርሲው ጋር አንድ መሆኑን የእህታቸው ልጅ ደጋግማ አነሣችው። ምዕራባውያን ዘንድ በብዛት የሚመጣው፣ ከጨጓራ አሲድ ጋር የተያያዘው ሌላ ዓይነት ነው።

ረጅሙን ሙሉ ቁራጭ የመተካት ሙከራ በሜዮ ክሊኒክ በአሳማ ላይ ተደርጓል። ከአሳማው ስብ የወጡ ስቴም ሴሎች በፖሊመር ቱቦ ላይ ተዘርተው ከቧንቧው በተቆረጠው ቦታ ገቡ። በ3 ሳምንት ገደማ ቱቦው ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ የአሳማው የራሱ ሕብረ ሕዋስ ዙሪያውን መክበብ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ካንሰሩ ደረቱ ውስጥ ለተሰራጨ፣ ሌላ አማራጭ ላልነበረው አንድ የ75 ዓመት ሰው ይኸው ተደረገለት። ከ8 ወር በኋላ በስትሮክ ሞተ፤ አስከሬኑ ሲመረመር በጎኑ ከቀረች ትንሽ ቀዳዳ በቀር ቧንቧው በቅሎ ተገኘ።

ሐኪሙ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ከዚያ የጠየቁት ሌላ ሰው ነበር። «ያ ልጅስ? በአይስላንድ ይማር የነበረው ኤርትራዊ?»

እሷም ስሙን ታውቀዋለች፤ በሙያዋ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። የአየር ቧንቧው ላይ ዕጢ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ሆስፒታል ጣሊያናዊው ቀዶ ሐኪም ፓውሎ ማኪያሪኒ በስቴም ሴል የተነከረ የፕላስቲክ የአየር ቧንቧ ተከለለት። ወሬው ዓለምን ዞረ፤ በዚያው ዓመት ላንሴት ላይ ታተመ። ፕላስቲኩ ግን ከሰውነት ጋር አልተዋሐደም። ወጣቱ በጥር 2014 ሞተ። ስዊድን ውስጥ ይኸው የተደረገላቸው ሦስቱም ሰዎች ሞተዋል። በሥራው ላይ የነበሩ አራት ሐኪሞች የበሽተኞቹ መዝገብና የታተመው ጽሑፍ እንደማይገናኙ አጋለጡ፤ ብዙ ዋጋም ከፈሉበት። ላንሴት ሁለት ጽሑፎችን እ.ኤ.አ. በ2018 ሰረዘ። ማኪያሪኒ በ2023 በስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሦስቱ በሽተኞች ላይ በፈጸመው ከባድ ጉዳት 2 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተፈረደበት።

«የአየር ቧንቧ ነው ብለን ማለፍ አንችልም» አለች። «ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2014 አይጦች ላይ የምግብ ቧንቧ ተክለን ተሳካ ብሎ ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ላይ አሳትሟል። እሱም በ2017 ተሰርዟል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ያንን ጽሑፍ እንደ መነሻ እናነበው ነበር።»

«አይጦቹ ይበሉ ነበር?»

«ችግሩ እዚያ ነው። በጽሑፉ የተባለው ሊታመን አልቻለም።»

ሐኪሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሰው የሚሞትበት በሽታ ሲሆን ሐኪሙ ሁሉ «ሌላ ምን አለው?» ይላል፤ እሳቸውም ብለውት ያውቃሉ። ነገር ግን ያ ወጣት ተማሪ ነበር፣ ይራመድ ነበር፣ ልጆች ነበሩት። የሚበላና የሚተነፍስ ሰው ላይ፣ በእንስሳ ያልተፈተነ ነገር መትከል ምርምር ሊባል አይገባውም አሉ። እዚህ ላይ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከሐኪሙ ጋር ነው፤ የዚያ ወጣት ሕይወት የጠፋው ሳይንሱ ገና ስለነበረ ብቻ ሳይሆን፣ ገና መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ስላልተደመጡ ነው።

የተለያዩት ቀጥሎ በመጣው ጥያቄ ላይ ነው፤ ማን ይቅደም?

«የአርሲው ሰው» አሉ እሳቸው ሳያመነቱ።

«እኔ ሕፃናቱን እላለሁ።»

ምክንያቷ ሁለት ነው። መረቡም ስቴም ሴሉም የሚሠሩት ዕድገትን በመጥራት ነው፤ ካንሰር በነበረበት ቦታ ዕድገትን መጥራት አደጋ አለው። የምግብ ቧንቧው ተቆርጦ የተወለደ ሕፃን ግን ካንሰር የለበትም። እንዲህ ያለው ጉድለት በግምት ከ3,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። ሁለቱ ጫፎች ከተቀራረቡ ይሰፋሉ፤ ካሜሮን ሄይት በሚሺገን እ.ኤ.አ. በ1941 ከተሳካለት ጀምሮ ይህ ይሠራል። ከተራራቁ ግን ሕፃኑ ሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እየተመገበ ወራት ይጠብቃል፣ ከዚያም ጨጓራው ይሳባል፤ ዕድሜ ልኩን በዚያ ይኖራል። የፍሳሽ መክፈቻ ኬሚካል ጠጥተው ቧንቧቸው የጠበበባቸው ልጆችም አሉ፤ እነሱን ሐኪሙ ራሳቸው ያውቋቸዋል። የለንደኑ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ፓውሎ ዴ ኮፒ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዋሱ በታጠበለት የአይጥ ቧንቧ ላይ የጡንቻ፣ የነርቭና የሽፋን ሕዋሳትን በየተራ ዘርቶ፣ የተሠራውን ቁራጭ ትንሽ አይጥ ሆድ ውስጥ ሲያስቀምጠው በሳምንት ውስጥ የደም ሥር በቀለበት። ዓላማው እነዚሁ ሕፃናት ናቸው።

«ለአርሲው ሰውስ ምን ትያለሽ? ሁልጊዜ ጠብቅ ይባላል» አሉ ሐኪሙ።

«እሱ የሚያስፈልገው የእኔ ቱቦ አይደለም፤ ካንሰሩ ሽፋኑ ላይ ሳለ መገኘት ነው። ፒትስበርግም ቶኪዮም የሠሩት በጊዜ ለተገኘ ነው።»

«በጊዜ ለማግኘትማ አዮዲን ይበቃል። በኢንዶስኮፒ ስትረጪው ጤነኛው ሽፋን ይጠቁራል፣ የታመመው ነጥቶ ይቀራል። ውድ አይደለም። የሚያስፈልገው መሣሪያው ወደ ሰዉ መቅረቡና የሚያይበት ሰው መሠልጠኑ ነው። ገንዘብ ቢሰጠኝ መጀመሪያ እዚያ አውለዋለሁ።»

እሷ አልተቃወመችም፤ ለገንዘቡ ቅደም ተከተል ግን አልተስማማችም። ኢንዶስኮፒው እስኪዳረስ ምርምሩ ቢቆም፣ ኢንዶስኮፒው ካንሰሩን በጊዜ ሲያገኘው የሚለጠፍ ንጣፍ አይኖርም አለች። ሐኪሙ ይህን ለማሰብ ትንሽ ቆይተው ወደ ሕፃናቱ ተመለሱ።

«ሕፃን ያድጋል እኮ» አሉ። «ዛሬ የምትተክይለት 5 ሴንቲ ሜትር ዐሥር ዓመት ሲሞላው አይበቃውም። ጠባሳ አያድግም፤ ፕላስቲክም አያድግም።»

«ለዚህ ነው ርብራቡ መጥፋት ያለበት። የቀረው ሕብረ ሕዋስ የራሱ ከሆነ አብሮት ይረዝማል። ይህንን በሚያድግ እንስሳ ላይ ማየት አለብን፤ በግልገል አሳማ።»

«እንግዲያው ግልገሎቹ እስኪያድጉ ጠብቁ። በ3 ወር ታርዶ ፎቶ የተነሣ አሳማ ለእኔ ምንም አይነግረኝም። በየወሩ ስንት ኪሎ እንደጨመሩ፣ ከዚያው እናት ከተወለዱት ያልተነኩ ግልገሎች ጋር አስተያይታችሁ ጻፉ። ስንት ጊዜ በባሉን እንደተሰፋላቸው ጻፉ። የሞቱትንም፣ በምን እንደሞቱ ጻፉ። ፎቶው ከዚያ በኋላ ይምጣ።»

«ክብደቱን በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ እናደርገዋለን» አለች።